ራሱን ሲፈልግ የከረመ ሌባ



የንባብ ክበባችሁ አስተባባሪዎች ሲጋብዙኝ «ስለ እንቅልፍ ማጣትና ስለ ምስጢር ልብ ወለድ ተናገርልን» አሉኝ። በስንት ሰዓት ነው ብዬ ጠየቅኩ። ከሥራ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ነው አሉኝ። በዚህ ሰዓት ስለ እንቅልፍ የሚያወራ ሰው ሁለት ዕዳ አለበት። እዚህ እንዳትተኙበትም መጠንቀቅ አለበት፤ ቤታችሁ ስትገቡ እንቅልፍ እንዳይነሣችሁም። እንግዲህ ሁለቱንም እሞክራለሁ።

ስለ ብዙ መጻሕፍት ጥቂት ጥቂት ከማወራ፣ ስለ አንድ መጽሐፍ ጠገብ አድርጌ ባወራ ይሻላል ብዬ መርጫለሁ። መጽሐፉ የእንግሊዛዊው ደራሲ የዊልኪ ኮሊንስ «ዘ ሙንስቶን» ነው፤ «የጨረቃ ድንጋይ» እያልኩ እጠራዋለሁ። የወጣው በ1868 ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወደ ራሳችን አቆጣጠር እመለሳለሁ፣ ስደርስ ታውቁታላችሁ። ገጣሚውና ሐያሲው ቲ. ኤስ. ኤልየት ለዚህ መጽሐፍ በእንግሊዝ የመርማሪ ልብ ወለዶች መካከል የበኩር ልጅነቱን ሰጥቶታል። ሸርሎክ ሆምስ ቧንቧውን ለኩሶ ከመምጣቱ 19 ዓመት በፊት የተጻፈ ነው።

የምላችሁ ነገር አንድ ነው፤ ደጋግሜ እመላለስበታለሁ። ይህን መጽሐፍ የጀመረ አንባቢ ጥያቄው «አልማዙን ማን ሰረቀው?» ይመስለዋል። ከታች ያለው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ሰው ለራሱ ምስክር መሆን ይችላል ወይ? እንቅልፍ ያጣ ሰው ትናንት ሌሊት ምን እንዳደረገ ቢጠየቅ፣ ከልቡም ቢምል፣ መሐላው ስንት ያወጣል? በመጀመሪያ ታሪኩን አጠር አድርጌ እነግራችኋለሁ። ከዚያ አይተው ዝም ስላሉ ሰዎች፣ ከዚያም የተሰባበረ ቃል ለቅሞ እውነትን ስለ ገጠመ አንድ ሐኪም እናገራለሁ። በመጨረሻ ወደ ራሳችን ቤት፣ ወደ መቅደላ እንወጣለን።

አንድ ማስጠንቀቂያ። መፍቻውን ልነግራችሁ ነው። መጽሐፉን ያላነበበና ማንበብ የሚፈልግ ካለ ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ብሎ ቡና ቢጠጣ አልቀየምም። ለእኔ ግን መፍቻው ታውቆም የማይነበብ የምስጢር መጽሐፍ መጀመሪያውኑም ባይነበብ የሚቆጭ አይደለም። ይኸኛው ለሁለተኛ ጊዜ ሲነበብ ይበልጥ ያምራል።

አልማዙ ቢጫ ነው። ሕንድ ውስጥ ከጨረቃ አምላክ ምስል ግንባር ላይ የነበረ፣ ሦስት ብራህሚኖች ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተተካኩ የሚጠብቁት ድንጋይ ነው። በ1799 የእንግሊዝ ጦር ሴሪንጋፓታምን ሰብሮ ሲገባ (ይህ ውጊያ በእውን የነበረ ነው) ኸርንካስል የተባለው የልብ ወለዱ መኮንን ጠባቂዎቹን ገድሎ ወሰደው። ዘመዶቹ ለዚህ ሥራው ፊት ነሡት። እሱም ሲሞት አልማዙን ለእህቱ ልጅ ለሬቸል ቬሪንደር አወረሳት፤ 18 ዓመት ሲሞላት በልደቷ ቀን ይሰጣት አለ። ይህ ስጦታ ይሁን ቂም ማንም እርግጠኛ አይደለም።

ልደቱ የዋለው ጁን 21 ቀን 1848፣ ዮርክሻየር ውስጥ በባሕር ዳር ባለ አንድ የባላባት ቤት ነው። አልማዙን ከለንደን ያመጣው ፍራንክሊን ብሌክ ነው፤ የሬቸል የአክስት ልጅ፣ ከውጭ አገር ትምህርት ብዙ ጠባይና ብዙ ዕዳ ይዞ የተመለሰ ጎረምሳ። ሬቸልን ወደዳት። እሷ ልብሱ ላይ ያለው የትምባሆ ሽታ አይጥመኝም አለችው። እሱም ለፍቅር ሲል በአንድ ጊዜ ማጨስ አቆመ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሲጋራ በአንድ ቀን የተወ ሰው ካለ ቀጥሎ የሆነውን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል። እንቅልፍ እምቢ አለው። ጠዋት ጠዋት ፊቱ ገርጥቶ፣ ዐይኑ ሰርጉዶ ይወርዳል። በልደቱ እራት ላይ ዶክተር ካንዲ የተባለ የአካባቢው ሐኪም «መድኃኒት ያስፈልግሃል» አለው። ብሌክም መድኃኒት መውሰድ በጨለማ እንደ መደናበር ነው ብሎ አላገጠበት። ሐኪሙ ተናደደ። ጨዋታው ወደ ጠብ ሊያደላ ሲል የሬቸል እናት ጣልቃ ገብተው አበረዱት።

በዚያች ሌሊት አልማዙ ጠፋ።

መጀመሪያ የመጣው የአካባቢው ፖሊስ ምንም አልፈየደም። ከዚያ ከለንደን ሳጅን ከፍ ተጠራ፤ ከሲታ፣ ከሌባ ይልቅ የጽጌረዳ ነገር የሚያሳስበው የሚመስል ሰው። የሬቸል ክፍል በር ገና አዲስ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ የቀቡትም ብሌክና ሬቸል ራሳቸው አብረው ነው። ከመቆለፊያው ሥር ያልደረቀ ቀለም በጨርቅ ተጠርጎ ትንሽ ተበላሽቷል። ሳጅኑ ምርመራውን ሁሉ በዚያች እድፍ ላይ አቆመ፤ በሌሊት በዚህ በር ያለፈ ሰው ልብሱ ላይ ቀለም አለ፣ ልብሱን ስናገኝ ባለቤቱን እናገኛለን። ፖሊስ ይጠራ፣ ይፈተሽ፣ ይመርመር እያለ ከሁሉ በላይ የሚሯሯጠው ደግሞ ብሌክ ነው። ሬቸል ግን ፊት ነሣችው። ሣጥኔን አላስፈትሽም፣ ለማንም አልናገርም አለች። ሮዛና ስፒርማን የምትባል የቤቱ ገረድ ደግሞ በባሕሩ ዳር ባለው ሰው በሚውጥ አሸዋ ውስጥ ገብታ ሞተች።

ዓመት ገደማ አለፈ። ብሌክ ከውጭ ተመልሶ ነገሩን እንደገና ያነሣል። ሮዛና ትታው የሄደችው ደብዳቤ መንገድ ይመራዋል። አሸዋው ውስጥ የተቀበረ የቆርቆሮ ሣጥን ጎትቶ ያወጣል። ሣጥኑ ውስጥ የሌሊት ልብስ አለ፤ ልብሱ ላይ የበሩ ቀለም አለ። ሌባውን አገኘ! ከዚያ የባለቤቱን ስም ፍለጋ ልብሱን ይገለብጣል። የራሱን ስም ያነባል።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ይህን ትዕይንት ብዙ ሰው የሚያደንቀው ስለሚያስደነግጥ ነው፤ እኔ የማደንቀው በሌላ ምክንያት ነው። ብሌክ አይዋሽም። አልሰረቅኩም ሲል ከልቡ ነው። ማስረጃው ደግሞ አይሳሳትም። ሁለት እውነቶች ፊት ለፊት ተፋጠጡ፤ አንዱ በልቡ ውስጥ ያለው፣ ሁለተኛው በእጁ የያዘው። የምስጢር ልብ ወለድ ብዙውን ጊዜ የሚተዳደረው በውሸታም ሰው ነው። ኮሊንስ ግን ሙሉውን ጥልፍልፍ ያቆመው እውነት በሚናገር ሌባ ላይ ነው።

መፍቻው ይኸው። ሐኪሙ ካንዲ የተናቀው መድኃኒቱ እንደሚሠራ ለማስመስከር ሲል በዚያ ምሽት ከብሌክ መጠጥ ጋር ላውደነም በምስጢር እንዲቀላቀል አድርጓል፤ ላውደነም በአልኮል የተበጠበጠ ኦፒየም ነው። ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ብሎ ሊስቅበት ነበር አሳቡ። ብሌክ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲያስጨንቀው የዋለው የአልማዙ ነገር ነው፤ ሦስት ሕንዳውያን ትርኢት አሳዪ መስለው በአካባቢው ሲያንዣብቡ ታይተዋል። ኦፒየሙ ሲይዘው ያ ጭንቀት ብቻውን ነቅቶ ቀረ። በእንቅልፍ ልቡ ተነሣ፣ ሻማ ይዞ ገባ፣ አልማዙን «ከሌባ ለማዳን» ወሰደ። ጠዋት ሲነሣ ከሰነበተበት ቀን ሁሉ የተሻለ እንቅልፍ እንደተኛ ነገራቸው! ይህ ነገር ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ጀምሮ ፊታችን ላይ ተቀምጧል። ማጨስ መተዉ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ከሐኪሙ ጋር መካረሩ፣ ያቺን ሌሊት መተኛቱ፤ ሁሉም ተነግሮናል። እኛ ግን የጎረምሳ ፍቅር ማድመቂያ ነው ብለን አለፍነው።

ልብ በሉ፣ በእኛ ልብ ወለዶችም እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎች አይታጡም። «እንቅልፍ በዐይኑ ሳይዞር ነጋ» ትባላለች፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ነች፣ ታልፋለች፤ ነጋና ታሪኩ ይቀጥላል። ስንት መጽሐፍ ውስጥ እንዳገኘኋት ብቆጥር አያልቅልኝም። ኮሊንስ የሠራው ያቺን የምትታለፍ ሌሊት ከፍቶ ውስጧ ገብቶ 500 ገጽ ማደር ነው።

እንቅልፍ ማጣት እውነታን የሚያደበዝዝ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። እዚህ ያላችሁ ተማሪዎች ማትሪክ ሰሞን አይታችሁታል። የሌሊት ማኅሌት የቆመ፣ የታመመ ያስታመመ፣ ሰባቱን ቀን ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ያውቀዋል። ዱካክ ይዞት የሚያውቅ ሰውማ፣ ዐይኑ ተከፍቶ፣ ክፍሉን እያየ፣ ደረቱ ላይ የተቀመጠውን ነገር ግን መግፋት አቅቶት ያደረ ሰው፣ ነቅቻለሁና ተኝቻለሁ የሚሉት ሁለት ነገሮች የሚለያዩበት ድንበር የት ጋ እንደሆነ ቢጠየቅ ምን ይመልሳል?

በ1959 ኒው ዮርክ ውስጥ ፒተር ትሪፕ የተባለ የሬዲዮ አቅራቢ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ብሎ በአደባባይ በመስተዋት ቤት ሆኖ 201 ሰዓት ሳይተኛ ፕሮግራሙን አቀረበ። ሐኪሞች ከጎኑ ነበሩ። እየቆየ ጫማው ውስጥ ሸረሪት ማየት ጀመረ፤ በመጨረሻ ሊመረምረው የመጣውን ሐኪም ሊቀብረኝ የመጣ ነው ብሎ ሸሸው። የሚገርመው ይህን ሁሉ እያየ የሬዲዮ ሥራውን በየሰዓቱ መሥራት መቻሉ ነው። አድማጩ ድምፁን ሲሰማ ጤነኛ ነው። ከኮሊንስ ብሌክ ጋር የሚያገናኘው ይኸው ነው፤ ከውጭ ሲያዩት መላ ሥራውን የሚሠራ፣ ከውስጥ ግን የሌለ ሰው።

ከዚህ የከበደም አለ። በ1987 ካናዳ ውስጥ በቁማር ዕዳ ተጨንቆ እንቅልፍ አጥቶ የሰነበተ አንድ ወጣት ሌሊት ተነሥቶ 23 ኪሎ ሜትር ያህል መኪና ነድቶ የሚስቱን ወላጆች ቤት ገባ፤ አማቱን ገደለ፣ የሚስቱን አባት ክፉኛ አቆሰለ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ሰው የገደልኩ ይመስለኛል አለ። ፍርድ ቤት ተኝቶ ነበር ብሎ በነጻ አሰናበተው፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1992 ፍርዱን አጸና። ይህን የሰማ ሰው መቼም የሚቆጣ ነው፤ እኔም ስሰማው ፊቴ ጠቁሯል። ነገር ግን ዳኞቹ የተጋፈጡት ጥያቄ ኮሊንስ 119 ዓመት ቀድሞ በልብ ወለድ ያስቀመጠው ጥያቄ ነው፤ እጁ ያደረገውን ልቡ ካላወቀ ማንን ነው የምንጠይቀው?

በከተማችን ደግሞ የራሳችን ላውደነም አለን። ቀኑን ቅሞ፣ ምርቃናው እንቅልፍ ከልክሎት፣ ማታ በጨብሲ ሊሰብረው መጠጥ ቤት የሚገባውን ጎረምሳ ታውቁታላችሁ። አንዱን ለመንቃት፣ ሌላውን ለመተኛት። በማግስቱ ጓደኞቹ «ትናንት እንዲህ ብለህ፣ እንዲህ አድርገህ» ሲሉት «እኔ? በፍጹም!» ይላል። ይዋሻል እንበል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገሬ ልግባ፤ አይተው ዝም ስላሉት።

ሬቸል ያን ሌሊት አልተኛችም ነበር። እንቅልፍ ያጡት ሁለት ናቸው ማለት ነው። በሩ ሲከፈት ብርሃኑን አየች፤ ብሌክ ገብቶ መሳቢያውን ከፍቶ አልማዙን ሲወስድ በዐይኗ በብረቱ አየችው። የምትወደው ሰው በዕዳው ምክንያት ሌባ ሆነ ብላ ደመደመች። ጠዋት ደግሞ ያው ሰው ፖሊስ ጥሩ እያለ ይጮኻል። ምን ዓይነት ዐይን አውጣ ነው? ብታወጣው ታዋርደዋለች፤ ብትችለው ውስጧ ይነዳል። አንድ ዓመት ቻለችው።

የሮዛናም ዝምታ ከዚሁ አይርቅም። የቀድሞ ሌባ ነበረች፣ እመቤቲቱ አዝነው ከማረሚያ ያወጧት። ብሌክን ትወደዋለች፤ እሱ ግን ፊቷን ልብ ብሎ አይቶት እንኳ አያውቅም። ቀለም የነካውን የሌሊት ልብስ ክፍሉን ስታጸዳ አገኘች፣ ደበቀች፣ በምትኩ ሌላ ሰፍታ አስቀመጠች። የሰው ወንጀል መስሏት ሸሽጋለት ሞተች።

ሐኪሙ ካንዲስ? እውነቱን በማግስቱ ሊናገር አስቦ ነበር። በዚያ ምሽት ዝናብ መታው፣ ንዳድ ያዘው፣ ከበሽታው ሲነሣ ትዝታው ጠፍቶ ተነሣ። እንግዲህ ቁጠሩልኝ። ያደረገው ሰው አያውቅም። ያየችው አትናገርም። ልብሱን ያገኘችው ሞታለች። መድኃኒቱን የሰጠው ረስቷል። ሳጅን ከፍ ይህን ያህል ብልህ ሆኖ የተሳሳተውም ለዚህ ነው፤ የሬቸልን ዝምታ የሌባ ዝምታ አድርጎ ተረጎመው። እሷው ራሷ በዕዳ ምክንያት አልማዟን ሰርቃ ደብቃለች አለ። ማስረጃን ማንበብ ያውቃል፤ ይሉኝታን ማንበብ አያውቅም። የእኛ አገር ሽማግሌ ቢጠራ ኖሮ ልጅቷ ምን ሸሽጋ ሳይሆን ማንን ሸሽጋ እንደሆነ ይጠይቅ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ወገኔን ለማሞገስ ብዬ እንዳይመስላችሁ።

ይህ ሳጅን ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። በ1860 ሮድ ሂል በሚባል ቤት አንድ ሕፃን ተገድሎ ነበር። ከስኮትላንድ ያርድ የተላከው መርማሪ ጆናታን ዊቸር አንድ የሌሊት ልብስ እንደጠፋ ደረሰበት፤ የሕፃኑን ታላቅ እህት፣ የ16 ዓመቷን ኮንስታንስ ኬንትን ጠረጠረ። አገሩ ሁሉ ተነሣበት፤ እንዴት አንድ ተራ ፖሊስ በጨዋ ልጅ ላይ ይህን ይላል ተባለ። ስሙ ጠፋ። በ1865 ልጅቷ ራሷ ገድያለሁ ብላ ቀረበች። ኮሊንስ ከዚህ ታሪክ የጠፋውን የሌሊት ልብስ ወሰደና ደሙን ቀለም አደረገው።

የሚቀጥለው ሰው ለእኔ የመጽሐፉ ልብ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ታገሡኝ።

ኤዝራ ጄኒንግስ የዶክተር ካንዲ ረዳት ነው። የተወለደው በቅኝ ግዛት ነው፣ እናቱ ከሌላ ዘር ናት። ፀጉሩ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ ነው፤ ያየው ሁሉ ይሸሸዋል። ስሙ በሐሰት ጠፍቷል። የማይድን በሽታ አለበት፤ ሥቃዩን የሚያስታግሰው በኦፒየም ነው፣ ኦፒየሙ ደግሞ ሌሊቱን በቅዠት ይሞላበታል። ይህ ሰው አለቃው ካንዲ በንዳድ ሲቃዥ አጠገቡ ተቀምጦ የሚወጣውን እያንዳንዱን ቁርጥራጭ ቃል ጻፈ። ቃላቱ ትርጉም የላቸውም፣ መካከላቸው ባዶ ነው። ጄኒንግስ በመሐል ክፍት ቦታ እየተወ ጻፋቸው፣ ከዚያ ባዶውን ቀስ እያለ ሞላው። ወጥቶ የተነበበው ነገር «ለብሌክ ሳያውቅ ኦፒየም ሰጥቼዋለሁ» የሚል ሆነ። ፖሊሱ ያልቻለውን ሱሰኛው ቻለው። ለምን? ያንን አገር ስለሚያውቀው ነው። የቃዠን ሰው ንግግር ጤነኞቹ እንደ ቆሻሻ ሲጥሉት፣ እሱ ግን ከራሱ ሌሊት ያውቀዋል።

ከዚያ ሙከራ አዘጋጀ። ብሌክ እንደገና ማጨስ ያቁም፣ እንደገና እንቅልፍ ይጣ፤ ቤቱ፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃው እንደ አምናው ይሁን፤ ስለ አልማዙ ደጋግመው ያውሩበት፣ ያው ጭንቀት ይመለስ። አምና 25 ጠብታ ያህል ከተሰጠው ዘንድሮ 40 ይሰጠው። በመሳቢያው ውስጥ አልማዝ የሚመስል ብልጭልጭ ድንጋይ ተቀመጠ። ምስክሮች ተደብቀው ይጠብቃሉ። ሌሊት ብሌክ ተነሣ፣ ሄደ፣ መሳቢያውን ከፈተ፣ ድንጋዩን አነሣ። ከዚያ ኦፒየሙ አሸነፈውና ድንጋዩን ጥሎ ሶፋ ላይ ተዘረጋ።

ሙከራው በግማሽ ሠራ። የወሰደው እሱ መሆኑ ተረጋገጠ፤ የት እንዳደረሰው ግን አልታወቀም። በኋላ እንደተደረሰበት ብሌክ በዚያ ሰመመን ውስጥ ሆኖ አልማዙን ለጎድፍሬይ ኤብልዋይት ሰጥቶታል፤ ባንክ አስቀምጥልኝ ብሎ። ጎድፍሬይ በአደባባይ የበጎ አድራጎት ሰው፣ የሴቶች ማኅበር ተናጋሪ ነው፤ በጓዳ ግን በአደራ የተሰጠውን 20,000 ፓውንድ አባክኗል። ጠዋት ብሌክ ምንም እንደማያስታውስ ሲያይ ዝም አለ። ከታሪኩ ሰዎች መካከል በዚያች ሌሊት አእምሮው ያልደፈረሰው ሰው እውነተኛው ሌባ ነው።

ጄኒንግስ የሙከራውን መሠረት ለማስረዳት የዘመኑን ሐኪም የጆን ኤሊዮትሰንን መጽሐፍ ያወጣል። እዚያ ውስጥ የአንድ ተሸካሚ ታሪክ አለ። ሰውዬው ሰክሮ ዕቃ የተሳሳተ ቤት ያደርሳል፤ ሲበርድለት የት እንዳደረሰው አያውቅም፤ እንደገና ሲሰክር ያስታውሳል። ተረት ይመስላል። በ1975 ግን ሁለት የብሪታንያ ተመራማሪዎች ጠላቂ ዋናተኞችን ከውኃ በታች ቃላት አስጠኗቸው፤ እዚያው ከውኃ በታች ሲጠየቁ የብስ ላይ ከሚጠየቁት የበለጠ አስታወሱ። ሰው አንድን ነገር ያወቀበት ሁኔታ ሲመለስ እውቀቱም ይመለሳል ማለት ነው። ኮሊንስ ሳይንቲስት አልነበረም። ልብ ወለዱን በሕክምና መጻሕፍት ላይ ለማቆም ግን ደክሟል።

የደከመውም በጤናው አልነበረም። ሪህ ዐይኑን ሳይቀር ያቃጥለው ነበር፤ ለዓመታት ላውደነም ይጠጣ ነበር፣ መጠኑም እየጨመረ ሄደ። በመጽሐፉ መካከል እናቱ ሞተች፤ ማርች 1868። እሱ አልጋ ላይ ተኝቶ እያቃሰተ በቃሉ ያስጽፍ ነበር። ሲያረጅ ደግሞ የመጽሐፉን መጨረሻ ሲያነበው የራሱ ሥራ አልመስል እንዳለው ያወራ ነበር ይባላል። ወሬው ደስ ይላል፣ ከመጽሐፉ ጋርም ይገጥማል። ታዲያ የእጅ ጽሑፉን የመረመሩ ሰዎች አብዛኛው በራሱ በኮሊንስ እጅ የተጻፈ ሆኖ አግኝተውታል። ደራሲው ስለ ራሱ የሰጠው ምስክርነት ራሱ መመርመር ያለበት ሆነ ማለት ነው፤ እሱም ይህን ሲሰማ ደስ ሳይለው አይቀርም።

አሁን ቃል ወደገባሁት ቦታ ልውሰዳችሁ።

«የጨረቃ ድንጋይ» መጀመሪያ የወጣው በቻርልስ ዲከንስ ሳምንታዊ መጽሔት በ«ኦል ዘ ይር ራውንድ» ላይ በተከታታይ ነው፤ ከጃንዋሪ 4 እስከ ኦገስት 8 ቀን 1868። 32 ሳምንት። የለንደን ሰው በየሳምንቱ የሚቀጥለውን ክፍል ለመያዝ ይጋፋ ነበር። አሁን ወደ ራሳችን አቆጣጠር ልመለስ፤ ይህ ጊዜ 1860 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 6 ቀን፣ ሰኞ፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ልብ ወለዱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

የእንግሊዝ አንባቢ ከሕንድ ስለተዘረፈ ቅዱስ ድንጋይ በየሳምንቱ እያነበበ እያለ፣ ከሕንድ፣ ከቦምቤይ የተነሣ፣ አብዛኛው ሕንዳዊ የሆነ ጦር ጄኔራል ናፒየርን ተከትሎ የእኛን ተራራ ይወጣ ነበር። መቅደላ ተዘረፈ። ታቦታቱ፣ ብራናው፣ ዘውዱ፣ የወርቅ ጽዋው ወረደ። ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ጨረታ ወጣ፤ ዕቃውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምስ ከገዢዎቹ አንዱ ነበር።

ኮሊንስ ስለ እኛ አስቦ ጻፈ አልላችሁም። መጽሐፉን የጀመረው ጦሩ ባሕር ሳይሻገር ነው፤ በመቅድሙ ላይም አሳቡን የቀሰቀሱት ኮሂኑርን የመሳሰሉ የነገሥታት አልማዞች መሆናቸውን ተናግሯል። የማላልፈው ግን ይህን ነው፤ አንባቢው በልብ ወለዱ ውስጥ ያለውን ዘረፋ እያየ ያዝን ነበር፣ በጋዜጣው ውስጥ ያለውን ዘረፋ ደግሞ ድል ብሎ ያጨበጭብ ነበር። ሁለቱም ወረቀት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። እጁ ያደረገውን ልቡ ሳያውቅ አገር ሙሉ መተኛት ይቻላል ወይ ብትሉኝ፣ ይቻላል የሚል ማስረጃ የማገኘው እዚህ ነው። በ1871 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን በፓርላማ ቆሞ እነዚህ ዕቃዎች ከመቅደላ መምጣታቸውን እንደሚያዝንበት ተናገረ፤ አንድ ሰው ነቃ እንበል።

ለአፄ ዮሐንስ በ1872 የሆነውን ደግሞ ከሬቸልና ከጎድፍሬይ ዝምታ ጋር አስተያዩት። ንጉሠ ነገሥቱ ሁለት ነገር ይመለስልኝ ብለው ወደ እንግሊዝ ጻፉ፤ አንዱ ክብረ ነገሥት፣ ሁለተኛው ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ሲወጡ ይዘውት የሚሄዱት የኵርዓተ ርእሱ ሥዕል። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ። ሥዕሉ ግን የለም፣ አላገኘነውም ተባለ። ሥዕሉ የነበረው ከሆምስ ቤት ነው። ለሙዚየሙ አላስረከበውም፤ ለራሱ አስቀርቶታል። በዚያ ጊዜ የንግሥቲቱ የዊንድዘር ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። ፎቶግራፉ በአደባባይ የታተመው በ1905 ነው፣ በአንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ፤ ከሥሩም ቀድሞ የንጉሥ ቴዎድሮስ፣ አሁን የሰር ሪቻርድ ሆምስ ንብረት መሆኑ ሳይሸሸግ ተጽፎበታል።

ኮሊንስ በመጨረሻው ገጽ ላይ አልማዙን ሦስቱ ብራህሚኖች ወደ ሕንድ እንዲመልሱት አድርጓል፤ ጎድፍሬይንም ለንደን ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት በመርከበኛ ልብስ እንደተደበቀ ያስገድለዋል። በ1868 ለእንግሊዝ አንባቢ የተጻፈ መጽሐፍ ነውና ይህን አጨራረስ ደፋር እለዋለሁ። አንዳንድ ሐያስያን ሕንዳውያኑን እንደ ጥላ ብቻ ነው የሣላቸው ይሉታል፤ ልክ ናቸው፣ በመጽሐፉ ውስጥ 10 የሚሆኑ ሰዎች በየተራ ሲተርኩ ከሦስቱ አንዱም የራሱን ታሪክ አይተርክም። ይህን በጥያቄው ሰዓት ብንከራከርበት ደስ ይለኛል። መድረኩን ለእናንተ ልልቀቅ፤ ማይክራፎኑን ከኋላ ለተቀመጡት አሳልፉላቸው።